የእቁቡ ብር ለቤቱ ዕዳ ይግባ ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦

እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ በነርስነት እሠራለሁ። ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ከሦስት ዓመት በፊት 863 ሺህ ብር ገደማ ከባንክ ተበድረን ቤት ገዛን። ብድሩ የ15 ዓመት ነው፤ ወለዱ 14 በመቶ፣ በየወሩ የምንከፍለው 11,497 ብር። አንድም ወር አሳልፈን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት ባንክ ሄጄ ስንት እንደቀረን ብጠይቅ 800 ሺህ ብር አሉኝ። እዚያው መስኮቱ ላይ ደርቄ ቀረሁ። በሦስት ዓመት ከ413 ሺህ ብር በላይ ከፍለናል፤ ዕዳው የቀነሰው ግን 63 ሺህ ብር ብቻ ነው። ተሳስታ እንደሆነ ብዬ ልጅቷን ደግሜ ብጠይቃት «ወለዱ ነው እኮ እህቴ» አለችኝ።

አሁን እቁብ ወጥቶልናል። 20 ሰው ነን፤ በወር አሥር አሥር ሺህ ብር እንጥላለን። 13ኛው ዙር ላይ ደረሰንና 200 ሺህ ብር እጃችን ገባ። ከዚህ ሌላ ባንክ ያለን 18 ሺህ ብር ነው። እኔ ሙሉውን ለዕዳው እንክፈል እላለሁ። ባለቤቴ «ብሩ በየቀኑ እየወደቀ ምን ያስቸኩልሻል? ዕዳው ራሱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ገንዘቡ እጃችን ላይ ይሁን» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ለሱቁ ዕቃ ላስገባበት ይላል። እውነቱን ልናገርና እጃችን ላይ ከቆየ በልተን እንደምንጨርሰው ይሰማኛል። እቁብ እንደወጣልን ዘመዱ ሁሉ ሰምቷል፤ ጥር ላይ ሁለት ሰርግ አለብን።

ደመወዜ ተቆራርጦ 12 ሺህ ብር ይደርሰኛል። ባለቤቴ በደህናው ወር 26 ሺህ ብር ያህል ያመጣል፤ መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ከአዲስ አበባ ሳይገባ ሲቀር ግን የሱቁን ኪራይ ብቻ የሚሸፍንባቸው ወራት አሉ። የቤት ወጪያችን ከባንኩ ክፍያ ውጭ 14 ሺህ ብር ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ባለዕዳ መሆንን እንደ በሽታ ነበር የሚፈራው፤ እኔም ላይ የተጋባ ይመስለኛል። የሌሊት ተረኛ ስሆን እንኳ የማሰላስለው ይህንኑ ነው። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣሁ እናት

ምላሽ፦

እህቴ፣ መስኮቱ ላይ ብትደነግጪ አይፈረድብሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታሳልፉ ከፍላችሁ ዕዳው ንቅንቅ አላለም ሲሉሽ፣ የተታለልሽ ሁሉ ሊመስልሽ ይችላል። ልጅቷ ግን የነገረችሽ እውነት ነው። ቁጥሩን አስልቼዋለሁ፣ ልክ ነው። እንዴት እንደሆነ በመጀመሪያ ላሳይሽ፤ የቀረው ምክሬ በሙሉ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነውና።

ባንክ የወሩን ወለድ የሚያሰላው በዚያ ወር ባለው ቀሪ ዋና ብድር (ወለዱን ሳይጨምር ገና ባልተመለሰው ብር) ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር 863 ሺህ ብር ነበረባችሁ። የዓመቱ 14 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል የዚያ ወር ወለድ 10,068 ብር ይሆናል። ከከፈላችሁት 11,497 ብር ውስጥ ዋናውን የነካው 1,429 ብር ብቻ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቀሪው 800 ሺህ ስለሆነ የወሩ ወለድ 9,333 ብር ነው፤ ዋናውን የሚቀንሰው 2,164 ብር። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር የወለዱ ድርሻ እያነሰ፣ የዋናው እየበዛ ይሄዳል። አሁን ያላችሁት ግን ገና ከባዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከመደበኛው ክፍያ በላይ የሚገባ ብር ብዙ ሥራ የሚሠራው አሁን ነው፤ ዛሬ ከዋናው ላይ የወረደ አንድ ሺህ ብር ለሚቀጥሉት 12 ዓመታት ወለድ አያስቆጥርባችሁም።

እናም ያንቺ ሐሳብ በስሌቱ በኩል ትክክል ነው። 200 ሺሁን በሙሉ ከዋናው ላይ ብታስቀንሱና ወርኃዊ ክፍያችሁን ባለበት ብትቀጥሉ፣ 144 ወር የቀረው ዕዳ በ81 ወር ያልቃል። ከአምስት ዓመት በላይ ይቀነሳል፤ ከወለድ የሚተርፍላችሁ ወደ 525 ሺህ ብር ይጠጋል። ይህን የምነግርሽ ከድንጋጤ ብቻ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው። ያም ሆኖ ሙሉውን ክፈዪ ብዬ አልመክርሽም።

ምክንያቴ ይህ ነው። ለባንክ የገባ ብር አይመለስም፤ ቀጣዩን ወርም አያስምርም። ዛሬ 200 ሺህ ብር ከዋናው ላይ አስቀንሳችሁ፣ በሚቀጥለው ወር 11,497 ብሩ በቀኑ ካልገባ ውዝፍ ትባላላችሁ። ባንኩ «ባለፈው ብዙ ከፍላችኋል» ብሎ አያልፋችሁም። አሁን ደግሞ ያንቺን ቁጥር ልብ ብለሽ እዪው። ሱቁ የኪራዩን ብቻ በሚያመጣበት ወር ቤቱ ያለው ያንቺ 12 ሺህ ብር ነው። የባንኩ ሲወጣ የሚቀረው 503 ብር ነው። አራት ነፍስ፣ አንድ ወር፣ 503 ብር። እንዲህ ያለው ወር አንድ ብቻ ከሆነ ከዘመድም ከጎረቤትም ተብሎ ይታለፋል፤ ሦስት ተከታታይ ሲሆን ነው ጣጣው የሚመጣው።

ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ከቆየ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፤ ታሪኩም በብድር መረጃው ላይ ይያዛል፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ባንክ ስትሄዱ ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ባንኮች ወደዚህ የሚሄዱት በብዛት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅባቸው ነው፤ ላስፈራራሽ ብዬም አይደለም ያነሳሁት። ቤቱን ቶሎ ነጻ ላውጣው ተብሎ የተከፈለ ብር፣ እጅን ባዶ ካደረገ ያንኑ ቤት ለአደጋ ሊያጋልጠው እንደሚችል እንድታዪልኝ ነው። የከፈልነውን መልሰን እንውሰድ ብትሉ አዲስ ብድር ነው፤ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ግምት፣ ሳምንታት ጥበቃ። ሆስፒታል የተኛ ልጅ ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ሰው አራጣ አበዳሪ በር ላይ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደግሞ ያልቆጠርሽው አንድ ዕዳ አየሁ። እቁቡ የደረሳችሁ 13ኛው ላይ ነው፤ ሰባት ዙር ይቀራል። ስለዚህ ከ200 ሺሁ ውስጥ 70 ሺሁ ገና የምትከፍሉት የሰው ገንዘብ ነው። ወለድ አይቆጥርም፤ ነገር ግን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ሆኖ የፈረመላችሁ ሰው አለው። ከባንክ ጋር ብትጣሉ የምትጣሉት ከመሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ እቁብ ብታቋርጡ ግን በየቀኑ ሰላም የምትሉት ሰው ነው የሚያዝነው። እጃችሁ የገባው 200 ሺህ ነው፤ የራሳችሁ የሆነው 130 ሺህ ነው።

እንግዲህ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው መጠባበቂያ ስንት ይሁን? «የስድስት ወር ወጪ» የሚባለውን በጅምላ መውሰድ አያስፈልግሽም፤ የቤትሽን ጉድለት እናስላ። የባንኩ ክፍያና የቤቱ ወጪ ሲደመር 25,500 ብር ያህል ነው። ሱቁ ምንም ባያመጣ ያንቺ 12 ሺህ ይገባል፤ የወሩ ጉድለት 13,500 ብር ነው። በስድስት ወር 81 ሺህ ብር። በዚህ ላይ የእቁቡ 70 ሺህ ሲታከል 151 ሺህ ብር ይሆናል። ሁለት የመንግሥት ደመወዝ የሚገባበት ቤት ቢሆን ሦስት ወር ይበቃል እል ነበር። የእናንተ ቤት ግን ከገቢው ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው በዓባይ በረሃ አልፎ ከሚገባ ዕቃ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚዘጋው ቀን ተቆጥሮለት አይደለም። ስለዚህ ስድስት ወር ይሁን።

200 ሺሁና የነበራችሁ 18 ሺህ 218 ሺህ ብር ነው። 151 ሺሁ ሲቀመጥ 67 ሺህ ብር ይተርፋል። ከዚህ 60 ሺሁን ለባንኩ፣ ከዋናው ላይ፣ አሁን ክፈሉ። ቀሪው 7 ሺህ ለሁለቱ ሰርግ ይሁን፤ የሰርጉ ልክ ዛሬ ከታወቀ ጥር ላይ ከመጠባበቂያው አይነካም።

60 ሺህ አነሰ አትበዪ። ዋናው 740 ሺህ ይሆናል፤ ያው 11,497 ብር በየወሩ ሲከፈልበት ዕዳው በ144 ወር ፋንታ በ120 ወር ያልቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀነሰ ማለት ነው፤ የሚተርፈው ወለድ ወደ 217 ሺህ ብር ነው። ሦስት ዓመት ከፍላችሁ 63 ሺህ ብር ብቻ እንደቀነሰ ነግረሽኛል፤ በአንድ ቀን ያንኑ ያህል ይወርዳል።

ባለቤትሽ ስለ ብሩ መውደቅ የሚለውን ከልቤ አስቤበታለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ገቢ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ካደገ ዛሬ የከበደ 11,497 ብር ከዓመታት በኋላ ይቀላል። ችግሩ ያለው «ስለዚህ ገንዘቡ ይቀመጥ» የሚለው ላይ ነው። ባንክ የተቀመጠው ብርም የሚወድቀው ያው ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ካነሳው ወዲህ ተራ የቁጠባ ሂሳብ የሚያገኘው በዚያው ዙሪያ ነው፤ ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል። ባንክ የሚተኛ 100 ሺህ ብር በዓመት 7 ሺህ ብር ያመጣል፤ ያው 100 ሺህ ከዋናው ላይ ቢወርድ 14 ሺህ ብር ወለድ ያስቀራል። የዋጋ ንረቱ 10 ይሁን 30፣ ይህ ልዩነት አይለወጥም። የእሱ ክርክር የሚሠራው ገንዘቡ ዋጋው አብሮ የሚወጣ ነገር ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። (ብድራችሁ አንዳንድ የባንክ ሠራተኞች እንደሚያገኙት ዓይነት ዝቅተኛ ወለድ ያለው ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያንን ለመክፈል አላስቸኩልም።)

በዚህ ስሌት መጠባበቂያችሁ የሚያስከፍላችሁ ነገር አለ። 151 ሺህ ብር በ7 በመቶ ማስቀመጥና በ14 በመቶ ዕዳ መተው በዓመት 10,500 ብር ገደማ፣ በወር ወደ 880 ብር ያሳጣችኋል። ይህን ኪሳራ አድርገሽ አትዪው። ለቤቱ የእሳት መድን በየዓመቱ እንደምትከፍሉ ሁሉ፣ ይህም ሱቁ ለሚዘጋባቸው ወራት የምትከፍሉት ነው። እኔ ለዚህ እንቅልፍ በወር 880 ብር ውድ ነው አልልም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ባለቤትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ ባለፉት 12 ወራት 100 ሺህ ብር ዕቃ ስንት ጊዜ ተገላበጠ? ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ግብር ተነስቶ ንጹህ ስንት ቀረ? ከ14 ሺህ በእጅጉ የሚበልጥ ከሆነ ሐሳቡ ከስሌት አንጻር ያስኬዳል። ነገር ግን መጠባበቂያው ዕቃ መሆን የለበትም። መንገድ ተዘግቶ ገበያ በቀዘቀዘበት ወር መደርደሪያ ላይ ያለ የፍሬን ሸራ የባንክ ክፍያ አይከፍልም፤ ልሽጠው ቢባልም በግማሽ ዋጋ ነው። ሱቁ ሲቸገር ዕቃውም አብሮ ይቸገራል። ዕቃ ይግባ ከተባለ ከ60 ሺሁ ላይ ተቀንሶ ይሁን እንጂ ከ151 ሺሁ አይሁን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይበልጥ የሚያስፈራሽ ዕዳው ነው ወይስ ብሩ እጃችሁ ላይ እንዳይጠፋ ነው? «በልተን እንጨርሰዋለን» ያልሽው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ሙሉውን ለባንክ ልስጥ ያልሽው ከዘመድም፣ ከሰርግም፣ ምናልባት ከሱቁም የምታሸሺበት ቦታ አጥተሽ ከሆነ፣ እሱ ሌላ መፍትሔ አለው።

መጠባበቂያውን ከሱቁ ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ለዩት። በሁለታችሁ ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ የቁጠባ ሂሳብ ክፈቱ፤ ሁለታችሁም መታወቂያና ፎቶ ይዛችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ኤቲኤም ካርድ አታውጡበት፤ በስልክም ገንዘብ እንዲያዘዋውር አታስመዝግቡት። 151 ሺሁ በሙሉ ግን እንዲህ አይታሰር። 26 ሺህ ብር ያህል፣ ማለትም የአንድ ወር ወጪ፣ በሌላ ባንክ ባለ ያንቺ ሂሳብ ይቀመጥና ያ ሂሳብ ካርድ ይኑረው። ኔትወርክ ጠፍቶ ወይም አንዱ ቅርንጫፍ ሳይከፍት ሲውል ያ ይደርስላችኋል፤ ጥቂት ጥሬ ብርም ቤት ይኑር። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከተራው ቁጠባ የተሻለ ወለድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ፤ የወለዱ መጠን በድርድር ስለሆነ ጠይቂ። ነገር ግን ቀኑ ሳይደርስ ከወጣ ወለዱ ሊቀር ይችላልና ከ50 ሺህ ብር በላይም፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜም አታስገቡ።

«ችግር» የምትሉትንም ዛሬ ተስማሙበትና ጻፉት። ሕመም፣ የሱቁ ገቢ መቅረት፣ የቤቱ ድንገተኛ ጥገና፣ የቅርብ ሰው ሞት። ሰርግና ብድር ጠያቂ ዘመድ እዚህ ውስጥ የሉም። የሚጠይቅ ሲመጣ «የእቁቡ ብር ባንክ ገብቷል፤ ለሁለት ፊርማ ነው» ማለት ይቻላል። እውነት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

የባንኩን ነገር ላስረዳሽ፤ ብዙ ሰው ብሩን ከፍሎ ጥቅሙን ሳያገኝ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የብድር ውሉን አውጥተሽ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ገንዘብ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ አለው ወይ? አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል ወይ? ባንኩ የወለዱን መጠን መለወጥ ይችላል ወይ? ሦስተኛው በብዙ ውሎች ላይ አለ፤ 14 በመቶው ነገ 16 ሊሆን እንደሚችል እወቁት፤ ያኔ የመጠባበቂያው ስሌትም እንደገና ይሠራል።

ቀጥሎ ወደ ብድር ክፍሉ ሂጂና የብድሩን ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ውሰጂ። ዋናው፣ ያልተከፈለ ወለድ ካለ እሱ፣ የመድን ክፍያ ካለ እሱም ተለይቶ ይጻፍ። የምትከፍዪበትን ቀን ከመደበኛው ክፍያ ማግስት አድርጊው። በወሩ መሐል ከከፈልሽ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ወለድ መጀመሪያ ይነሳና 60 ሺሁ ሙሉ በሙሉ ዋናው ላይ አያርፍም።

ከሁሉም የሚበልጠው ደብዳቤው ነው። ብሩን ብድሩ በሚቆረጥበት ሂሳብ ውስጥ ዝም ብለሽ አታስገቢው። እንዲያ ከሆነ ሲስተሙ በየወሩ 11,497 እየቆረጠ አምስት ወር ያህል ይበላዋል እንጂ ዋናውን አይነካም፤ ሰው «ተጨማሪ ከፍያለሁ» እያለ ወለዱ እንደነበረ ይቀጥላል። ሁለታችሁ ፈርማችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በብድር ሂሳብ ቁጥራችን ላይ የምንከፍለው 60,000 (ስልሳ ሺህ) ብር ለወደፊት ወርኃዊ ክፍያ ሳይያዝ በቀጥታ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልን፣ ወርኃዊ ክፍያችን ባለበት ሆኖ የብድሩ ጊዜ እንዲያጥርልንና አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊና ያዢው።

«ጊዜው እንዲያጥር» የሚለውን ለምን እንዳስገባሁት ልንገርሽ። ባንኩ በራሱ ከወሰነ ጊዜውን ትቶ ወርኃዊውን ክፍያ ሊቀንስ ይችላል። ያኔ ክፍያችሁ ወደ 10,635 ብር ይወርዳል፤ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዕዳው እንደገና 12 ዓመት ነው። የሚተርፈው ወለድም ከ217 ሺህ ወደ 64 ሺህ ብር ገደማ ይወርዳል። በያንዳንዱ ወር 862 ብር ለመቅለል ከ150 ሺህ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። «አሠራራችን ክፍያ መቀነስ ብቻ ነው» ካሉሽ አትጣዪ፤ ተቀብለሽ 862 ብሩን ራሳችሁ በየወሩ ወይም አጠራቅማችሁ በየስድስት ወሩ በዚያው ዓይነት ደብዳቤ ከዋናው ላይ አስቀንሱ፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰሽ ስቴትመንቱን አውጪ። የወለዱ መስመር ከ9,333 ወደ 8,633 ብር አካባቢ ወርዶ ማየት አለብሽ። ባንኩ በቀን የሚቆጥር ከሆነ መቶ ሁለት መቶ ብር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ካልወረደ ብሩ ዋናው ላይ አላረፈም፤ የተማኅተመውን ደብዳቤ ይዘሽ እዚያው ቀን አስተካክዪ። ወር ካለፈ እርማቱ ይከብዳል።

ሰባት ወር ሲያልፍ እቁቡ ያልቃል፤ በየወሩ ትጥሏት የነበረች 10 ሺህ ብር ነጻ ትወጣለች። ይህች ብር ስም ሳይወጣላት ከቤቱ ወጪ ጋር እንዳትቀላቀል። ከሷ 5 ሺሁን በየወሩ በዋናው ላይ ብትጨምሩ ዕዳው ከዛሬ ጀምሮ በ69 ወር ገደማ፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ ያልቃል። ሌላው 5 ሺህ ለልጆቹና ለቁጠባ ይሁን፤ አዲስ እቁብ መግባት ካማራችሁም በዚያው ልክ ይሁን። የእቁቡ 70 ሺህ መጠባበቂያ ሳይነካ ከደረሰም ያኔ የሱቁን አዋዋል አይታችሁ ከፊሉን ወደ ዕዳው ታወርዳላችሁ። ሱቁ የከፋበት ወር ሲመጣ ግን 5 ሺሁን ያለ ጸጸት ዝለሉት። ከመደበኛው በላይ የሚከፈል ብር ጥሩነቱ ግዴታ አለመሆኑ ነው።

    

ባለቤትሽን በተመለከተ ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። «ገንዘቡ እጃችን ላይ ይሁን» የሚለው ሰው፣ ሱቁ ባዶ የሆነባቸውን ወራት ከሁሉ በላይ የሚያውቃቸው ነው። ስለ ብር መውደቅ የሚያወራው ምናልባት «የሚቀጥለው ወር ምን ይዤ እገባለሁ?» የሚለውን ፍርሃት ለሚስቱ መናገር ከብዶት ይሆናል። እንቅልፍ ያጣሽው አንቺ ብቻ ላትሆኚ ትችያለሽ። ስለ ዕዳው ከመጀመርሽ በፊት «የትኛው ወር ነው የከበደህ? ስንት ጎደለህ?» ብለሽ ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚው። የሚነግርሽ ቁጥር የመጠባበቂያውን ልክ ያስተካክለዋል። በወር 13,500 ብር የገመትኩት ጉድለት እሱ ዘንድ ከፍ ያለ ከሆነ (ለምሳሌ ሱቁ ኪራዩንም ሳይሸፍን የቀረበት ወር ካለ) ኪራዩን ጨምራችሁ በስድስት አባዙትና ከ81 ሺህ የሚበልጠውን ከ60 ሺሁ ላይ ቀንሱ። ወደ ባንክ የሚሄደው 30 ሺህ ብቻ ቢሆን እንኳ ደብዳቤው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

ልጆቹ በተኙበት ማታ፣ ውሉንና የሱቁን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ውሉ ላይ ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ገንዘብ ቅጣት የሚል አንቀጽ ካገኘሽ ቃሉን እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ቅጣቱ ስንት በመቶ ሲሆን እንደሚያዋጣ፣ ስንት ሲሆን ደግሞ መቆየቱ እንደሚሻል አስልቼ እመልስልሻለሁ።